«ክፉ ምድር» ሙት መሬት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት ስለሚገኘው የባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብሁ። ስለዚህ ቦታ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ርእሱን መምረጣችሁ ብቻ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ቦታውን «ሣር የማያበቅል በረሃ»፣ «ሕይወት የሸሸው ሙት መሬት» እያለ መግለጹ፣ በመጨረሻም ወደዚያ የሚሄድ ሰው «ለመታሰቢያ የምትሆን ድንጋይ» ይዞ እንዲመለስ መምከሩ በጣም አሳዝኖኛል። ከፓርኩ በመኪና ጥቂት ሰዓታት በሚያስኬድ ከተማ መኖር ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱም ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ሣሩ በሚለመልምበት በሰኔ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሣሩ ነሐስ በሚመስልበት በመስከረም መጨረሻ፣ ወደዚያ ሳልሄድ አልቀርም። ስለዚህ አንባቢ ስለ ቦታው የተሳሳተ ሥዕል ይዞ እንዳይቀር ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቱ የመጣው ከስሙ ሳይሆን አይቀርም። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ሕዝብ አካባቢውን «ማኮ ሺቻ» ይለዋል፤ «ክፉ ምድር» ማለት ነው። ከእነርሱ በኋላ ለእንስሳት ጠጕራም ቆዳ ንግድ የመጡት ፈረንሳውያን አዳኞችም «ለመሻገር ክፉ የሆነ ምድር» ብለው ሰየሙት። ፈረንሳዮቹ የጨመሩት «ለመሻገር» የሚለው ቃል ነገሩን ይፈታዋል። እኛም በቋንቋችን «ክፉ አቀበት»፣ «ክፉ መንገድ» ስንል መንገዱ መንገደኛን የሚፈትን መሆኑን መናገራችን እንጂ፣ በዳር በዳሩ ምንም አይበቅልም ማለታችን አይደለም። በዝናብ ጊዜ እግር የሚይዝ ጭቃ፣ በበጋ የሚጠጣ ውኃ የሌለበት ቦረቦር፣ ፈረስ የማያስወጣ ገደል፣ በክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ በበጋ ደግሞ እስከ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበበት አየር፤ ለመንገደኛ ይህ ሁሉ በእርግጥ ክፉ ነው። ዝናቡ ግን በዓመት በአማካይ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ለደን የሚያንስ፣ ለሣር ግን የሚበቃ መጠን ነው። ከፓርኩ ወደ 98,000 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ውስጥ ሰፊ ክፍሉ ፕሬሪ የሚባለው የሣር ምድር ሲሆን፣ በፎቶግራፍ የምናየው ቀይና ነጭ ገደል በዚያ የሣር ባሕር ውስጥ እንደ ደሴት የቆመ ነው።

ገደሉ እንዴት እንደ ተሠራ በጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። እኔ ግን ዋናው ታሪክ እዚያ ላይ ያለ ስለሚመስለኝ ጥቂት ልቆይበት። ከታች ያለው ጥቁር ግራጫ ድርብ ከ75 እስከ 69 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ጭቃ ነው። በዚያ ዘመን የሰሜን አሜሪካን መካከል ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚከፍል ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር፤ ከጭቃው ውስጥም አሞናይት የሚባሉ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ዛጎል ያላቸው ፍጥረታትና ሞሳሶር የሚባሉ ግዙፍ የባሕር ተሳቢዎች ቅሪት ይወጣል። ባሕሩ ሲያፈገፍግ ወለሉ ለአየርና ለዝናብ ተጋልጦ አፈር ሆነ፤ ዛሬ በፓርኩ ምዕራባዊ በኩል የሚታዩት እርድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ቢጫ ጉብታዎች ያ ጥንታዊ አፈር ናቸው። በላዩ ላይ ከ37 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወንዞች የዘረጉት ግራጫ ደለል አለ፤ ጊዜው ሞቃትና እርጥብ ስለ ነበር በዚያ ደለል ውስጥ የአዞ ዘመዶች አጥንት ሳይቀር ይገኛል። ከዚያ ከ34 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተከማቸው ፈዛዛ ቡናማ ድርብ ይከተላል፤ ቀይ መስመሮቹ በየጊዜው በጎርፍ ደለል የተቀበሩ አፈሮች ናቸው። አየሩ እየቀዘቀዘና እየደረቀ፣ ደኑ እየሳሳ፣ ሜዳው እየተገለጠ መሄዱን ሊቃውንት የሚያነቡት ከእነዚህ መስመሮች ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ከምዕራብ በኩል ከፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የመጣ አመድ አካባቢውን ሸፈነው፤ ዛሬም በገደሎቹ አናት አጠገብ እንደ ነጭ ጥለት ተዘርግቶ ይታያል።

ደለል መከማቸቱ ካበቃ በኋላ ወንዞቹ መልሰው መቁረጥ የጀመሩት ግን ከ500,000 ዓመት በፊት ገደማ ብቻ ነው። ገደሎቹ በዓመት በአማካይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሸረሸራሉ። በዚያው ግዛት የሚገኙት የብላክ ሂልስ ተራሮች ግራናይት የሚባለው ጠንካራ ድንጋያቸው ይህን ያህል ለመሸርሸር 10,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ሲባል፣ የባድላንድስ ፍጥነት ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በዚህ አካሄድ ከሌላ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ገደሎቹ ፈጽመው ይጠፋሉ። ስለዚህ የምናየው ነገር ለዘላለም የቆመ ሐውልት ሳይሆን በመሄድ ላይ ያለ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰኔ ወር ከሰዓት በኋላ፣ ነጎድጓድ ያዘለ ዝናብ ሩብ ሰዓት ያህል ወርዶ ሲያባራ ከአንድ ጉብታ ሥር ቆሜ ነበር። ከዝናቡ በፊት የጉብታው ቆዳ የፈካ ፈንዲሻ ይመስል ነበር፤ ይህ የሚሆነው በሸክላው ውስጥ ያለው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ፣ ሲደርቅ ኮምትሮ ስለሚሰነጣጠቅ ነው። ዝናቡ ሲነካው ያ ሁሉ እህል የሚያህል ፍርክስካሽ ተያይዞ እንደ ሊጥ ለሰለሰ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ከጣት የማይሰፉ ብዙ ጅረቶች ወተት የመሰለ ውኃ ይዘው ወደ እግሬ መጡ። አንዷን ጅረት ተከትዬ ስወርድ፣ በአፈሩ ላይ ቆማ የነበረች የእጅ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሯ ያለውን ሸክላ እንደ ጃንጥላ ሸፍና ስለ ነበር፣ ዙሪያው ሁሉ ሲታጠብ እርሷ በአጭር ምሰሶ ላይ ቀርታ አየሁ። በፓርኩ ውስጥ ሰው የሚያክሉት፣ ድንጋይ የተሸከሙት ምሰሶዎች ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ወደ መኪናዬ ስመለስ ጫማዬ ሥር የተጣበቀው ዋልካ አንድ ስንዝር ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ «ለመሻገር ክፉ» ያሉትን ሰዎች ያን ጊዜ አመንኋቸው።

እንግዲህ ሣሩ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው? ጽሑፋችሁ የሳተው ነጥብ ይህ ነው። በገደሎቹ መካከል አናታቸው ልሙጥ፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ሣር የለበሱ ጉብታዎች አሉ፤ የአካባቢው ሰዎች የሣር ገበታ ይሏቸዋል። አንዳንዱ ከአንድ ክፍል አይበልጥም፤ ሌላው ሄክታሮች ይሸፍናል። እነዚህ ገበታዎች ሜዳው ቀድሞ የት ከፍታ ላይ እንደ ነበረ ያሳያሉ፤ ዙሪያቸው ያለው አፈር ታጥቦ ሲሄድ እነርሱን ያቆያቸው የሣሩ ሥር ነው። ከገበታው ጫፍ ላይ በደረት ተኝቶ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው፣ የተቆረጠው አፈር ውስጥ ሥሩ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይታየዋል፤ ከላይ ያለው ሣር ጉልበት የማይደርስ ሆኖ ሳለ ሥሩ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ወደ ታች ይወርዳል። የፕሬሪ ሣር አብዛኛው አካሉ ያለው ከመሬት በታች ነው። እሳት ቢያቃጥለው፣ ጎሽ ቢግጠው፣ ድርቅ ቢመታው ተመልሶ የሚያቈጠቍጠውም ከዚያ ነው። ሕይወት የለውም በተባለው መሬት ላይ ከአፈር መሸርሸር ጋር ቀን ከሌት የሚሟገተው ይህ ሣር መሆኑን አንድ ቃል እንኳ አለመጻፉ ያሳዝናል።

ሣሩም አንድ ዓይነት አይደለም። በፓርኩ ውስጥ በርካታ ደርዘን የሣር ዝርያዎች ያሉ ሲሆን፣ አካባቢው በምሥራቅ ካለው ረጅም ሣርና በምዕራብ ካለው አጭር ሣር መካከል ስለሚገኝ ሁለቱም እዚያ ይገናኛሉ። ቀዝቃዛውን የጸደይ ወር የሚወድ ሰማያዊ አረንጓዴ የስንዴ ሣር ቀድሞ ይነሣል፤ ሙቀት የሚወዱት አጫጭሮቹ፣ በተለይም በመሬት ላይ እየተሳበ የሚሰፋውና በጎሽ ስም የሚጠራው ሣር፣ ኋላ ይከተላሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ስለሚነቃ ለግጦሽ እንስሳት ምግብ የሚጠፋበት ጊዜ ያጥራል።

የአሜሪካ ጎሽ ከሣሩ ጋር ያለው ነገር የግጦሽ ብቻ አይደለም። በአቧራ ውስጥ ሲንከባለል የሚሠራው ጎድጓዳ ቦታ በዝናብ ጊዜ ውኃ ይይዛል፤ በዚያም ሌላ ቦታ የማይገኙ ተክሎች ይበቅላሉ። በአሥር ሚሊዮኖች ይቈጠር የነበረው ይህ እንስሳ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጥይት ተጨፍጭፎ በመላው አህጉር ከ1,000 የማይበልጥ ሆኖ ነበር። ወደ ባድላንድስ የተመለሰው በ1963 ሲሆን፣ ከሰሜን ዳኮታ በመጡ ጥቂት ደርዘን እንስሳት የተጀመረው መንጋ ዛሬ ወደ 1,000 ደርሷል። በ1964 ደግሞ ከኮሎራዶ የዱር በጎች መጥተው በገደሎቹ ላይ ተለቅቀዋል፤ ቀድሞ በዚያ የነበሩት ጥምዝ ቀንድ በጎች በአደን ምክንያት ከጠፉ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የጥቁር እግሩ ፌሬት ታሪክ ነው። ፌሬት ሸለምጥማጥ የሚመስል፣ ቀጭን ገላ ያለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል የሌሊት አዳኝ ነው። ምግቡ ከመቶ ከዘጠና በላይ የፕሬሪ ውሻ የሚባለው እንስሳ ሲሆን፣ ይህም ስሙ ውሻ ቢባልም ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በማኅበር የሚኖር ሣር በል ነው። ከብት አርቢዎች ሣራችንን ይሻማል በማለት የፕሬሪ ውሻን ለብዙ ዓመታት በመርዝ ፈጁት፤ ምግቡን ያጣው ፌሬትም አብሮ ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከምድር ላይ ፈጽሞ እንደ ጠፋ ታምኖ ነበር። በ1981 በዋዮሚንግ ግዛት ሚቲትሲ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የእርሻ ውሻ ገድሎ ወደ ቤት ያመጣው እንስሳ ፌሬት ሆኖ ተገኘ። በ1987 የቀሩት ሁሉ ሲያዙ 18 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ለዘር የበቁት ሰባት ናቸው። ከ1994 ጀምሮ በባድላንድስና አጠገቡ ባለው የኮናታ ሜዳ እየተለቀቁ፣ ሜዳው ከዋና ዋና መኖሪያዎቻቸው አንዱ ለመሆን በቃ።

ይህ ግን ያለ ስጋት የተገኘ አይደለም። በቁንጫ የሚተላለፈው፣ ከሌላ አህጉር በመርከብ የገባው ፕሌግ የሚባል ቸነፈር በ2008 ኮናታ ደርሶ የፕሬሪ ውሾችን ሠፈሮች በብዛት ባዶ አደረጋቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሠራተኞች በየጉድጓዱ አፍ የቁንጫ መድኃኒት ይነሰንሳሉ፤ ሌሊት ሌሊትም በመብራት እየዞሩ፣ የዓይናቸውን አረንጓዴ ነጸብራቅ ተከትለው ፌሬቶችን ይይዙና ክትባት ይሰጧቸዋል። አንድ የፕሬሪ ውሾች ሠፈር ሲጠፋ የሚጠፋው ፌሬት ብቻ አለመሆኑንም ልጨምር፤ በተተዉት ጉድጓዶች የምትኖር እግረ ረጅም ትንሽ ጉጉት አለች፤ ቀን ቀን ከጉድጓዷ አፍ ላይ ቆማ አንገቷን እያዞረች መንገደኛውን ትመለከታለች። ክረምቱን እዚያው ውስጥ ተሸሽጎ የሚያሳልፍ፣ ጅራቱን የሚያንሿሿ መርዘኛ እባብም አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ያየ ሰው «ሕይወት የሸሸው» የሚለውን ቃል እንዴት ብሎ ይቀበለዋል?

ሰውም በዚህ ምድር ላይ ታሪክ አለው። የላኮታ ሰዎች ትልልቅ የድንጋይ አጥንቶችና የባሕር ዛጎሎች ስላገኙ፣ ቦታው በአንድ ዘመን ከውኃ በታች እንደ ነበር፣ አጥንቶቹም ዛሬ የሌሉ ፍጥረታት መሆናቸውን ሳይንስ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ተረድተው ነበር። የፓርኩ ደቡባዊ ክፍል በኦግላላ ላኮታ ሕዝብ ይዞታ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በ1942 የአሜሪካ ጦር ለአየር ተኩስ ልምምድ ሲወስደው 125 ያህል ቤተሰቦች ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል። በሰሜኑ በኩል ደግሞ መንግሥት በነፃ የሰጣቸውን መሬት ያረሱ ሰፋሪዎች በ1930ዎቹ ድርቅ ብዙዎቹ ጥለው ሄደዋል፤ የሣሩን ሥር ገልብጦ እህል መዝራት እዚያ እንደማያዛልቅ ያን ጊዜ ታየ። ጥለውት የሄዱት መሬት በከፊል ዛሬ በፓርኩ ዙሪያ ያለው ቡፋሎ ጋፕ የተባለው ብሔራዊ የሣር ምድር ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ጉዳይ ልምጣ። ባድላንድስ ከ37 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት በፊት ለነበሩት አጥቢ እንስሳት ከዓለም እጅግ የበለጸጉ የቅሪተ አካል መገኛዎች አንዱ ነው። በ1846 አንድ የሴንት ሉዊስ ሐኪም፣ ሃይረም ፕራውት፣ ከዚያ የመጣ የመንጋጋ ስባሪ ገልጾ ጻፈ፤ አውራሪስ የሚመስል፣ ዛሬ የሌለ ግዙፍ እንስሳ መንጋጋ ነበር። በዓመቱ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆሴፍ ላይዲ የጥንታዊ ግመል ቅሪት ከዚያው አካባቢ ገለጸ፤ ግመል የተገኘው በሰሜን አሜሪካ መሆኑ ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ካሉ ግኝቶች ተነሥቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦሪዮዶንት የሚባሉ፣ በግ የሚያህሉ፣ ዛሬ የሌሉ ቅጠል በል እንስሳት፣ እግሩ ሦስት ጣት የነበረው ትንሽ ፈረስ፣ ድመት የሚመስሉ ባለ ጎራዴ ጥርስ አዳኞች ወጥተዋል። በ1993 ሁለት ጎብኚዎች ከመሬት ብቅ ያለ ትልቅ የጀርባ አጥንት አይተው ለፓርኩ ተናገሩ። ለአራት ቀን ይበቃል የተባለው ቁፋሮ እስከ 2008 ድረስ በየበጋው ቀጥሎ ከ19,000 በላይ አጥንት አስገኘ፤ ቦታው እንስሳት ውኃ ፍለጋ መጥተው በጭቃው የተያዙበት ጥንታዊ ኩሬ ነበር። በ2010 ደግሞ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከእንግዳ መቀበያው ሕንጻ ብዙም ሳትርቅ አንድ አጥንት አይታ ለጠባቂዎች ነገረች፤ የባለ ጎራዴ ጥርሱ አዳኝ የራስ ቅል ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ሰዎች «ለመታሰቢያ» ብለው ያገኙትን ይዘው ሄደው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናውቅም ነበር። አጥንት ከተቀመጠበት ድርብ ከተነሣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ፣ ከማን አጠገብ እንደ ሞተ የሚመሰክር ነገር አይቀርለትም። በዚያ ላይ ከፓርኩ ድንጋይም ሆነ ቅሪተ አካል፣ አበባም ሆነ ቀንድ ማንሣት በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ስለ ሆነ፣ ምክራችሁን የተከተለ አንባቢ ሊቀጣ ይችላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ያችን ምክር እንድታርሙ፣ ቦታውንም «በረሃ» ከማለት ይልቅ «ገደላማ የሣር ምድር» ብላችሁ እንድትጠሩት፣ ፎቶግራፍ የምታወጡ ከሆነም ከቀዩ ገደል ጎን የሣሩን ገበታ እንድትጨምሩ እለምናለሁ። ወደዚያ የሚጓዝ አንባቢ ከመሬት ብቅ ያለ አጥንት ካገኘ ሳይነካው ባለበት ፎቶ ያንሣው፣ የቆመበትን ቦታ ምልክት ይያዝ፣ ወደ እንግዳ መቀበያውም ሄዶ ለጠባቂዎቹ ይንገር፤ ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ ቅጽ እዚያ አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከደቡብ ዳኮታ አንድ አንባቢያችሁ